ቅዳሜ መች ነው?



በዚህ ገጽ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ አማት ጣጣ ነው። ዛሬም ስለ አማት ነው ማለት ይቻላል፤ ጣጣው ግን ከእሳቸው አልመጣም። የምነግራችሁ በቅርብ የማውቃቸውን ባልና ሚስት ታሪክ ነው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ግን ትቼዋለሁ።

ሚስቲቱ የስማዳ ልጅ ናት። ለትምህርት ከወገዳ ወጥታ ባሕር ዳር ሳለች ጌታን ተቀበለች። አዲስ አበባ ሥራ ይዛ፣ በመዘምራን ኅብረት ያወቀችውን ወንድም አገባች፤ ሁለት ልጆችም ወልደዋል። እናቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በኦርቶዶክስ እምነታቸው የጸኑ፣ አገር ቤት ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋል። የእናትየዋ ዓይን ደግሞ በሞራ እየተጋረደ ነበር። መንገድ በተከፈተበት ሰሞን ወንድ ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ሞራው ተገፈፈላቸው። «እንግዲህ ልሂድ» ሲሉ ግን ልጃቸውም አማቻቸውም «የት ነው የሚሄዱት?» አሏቸው። ቀሩ።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። አልጋ ተገዛላቸው፣ ጋቢ ተገዛላቸው፣ የጾም ምግባቸው ለብቻ ይሠራላቸዋል። (ይህን ለሚስቲቱ እመሰክርላታለሁ። ከሥራ ገብቶ ሁለት ዓይነት ወጥ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራ ያውቀዋል።) ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባልና ሚስት ወደ ሥራ፣ ልጆቹ በሰርቪስ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሠራተኛ የላቸውም። ከዚያ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ቤት ውስጥ ያሉት ቴሌቪዥኑና እናትየዋ ብቻ ናቸው።

ሚስቲቱ መጀመሪያ የደነገጠችው በምስሩ ነው። ተለቅሞ፣ በላስቲክ ታሽጎ የተሸጠ ምስር እናቷ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ይለቅማሉ። ሲጨርሱ መልሰው ያፈሱትና እንደገና ይጀምራሉ።

«እማዬ፣ ምስሩ እኮ ንጹሕ ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሏት።

ቀጥሎ የቡናው ነገር መጣ። አንድ ቀን ባልየው ዕቃ ረስቶ በእኩለ ቀን ቢመለስ፣ የግቢው ጥበቃ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። አማቱ በመስኮት ጠርተውት ነው። አቦሉን ለብቻቸው መጠጣት አልሆን ቢላቸው፣ በፎቁ ላይ ያንኳኩት በር ሁሉ የሚከፍት ቢያጣ፣ ምስኪኑን ዘበኛ ጠሩት። ባልየው ተቆጣ። ማታ ከሚስቱ ጋር ተጨቃጨቁ። «የማናውቀውን ሰው ቤት ማስገባት ምንድን ነው? ለመሆኑ ምን ጎደለባቸው?» አለ። ሚስቲቱም አለቀሰች፤ ምን እንደጎደለባቸው እሷም አታውቀውምና።

እኔም በዚያን ጊዜ ብጠየቅ አላውቀውም ነበር። በኋላ ግን ለብዙ ዓመት እያነበብኩት ያለፍኩት አንድ ክፍል ትዝ አለኝ። 2ኛ ሳሙኤል 19፥31-39ን እስቲ ገልጣችሁ አንብቡት። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው። ዳዊት በስደቱ ጊዜ ስላበላው ውለታውን ሊመልስ ፈልጎ «ከእኔ ጋር ኢየሩሳሌም ኑር፣ እኔ እጦርሃለሁ» ይለዋል። የንጉሥ ቤት ነው! ሽማግሌው ግን እሺ አላለም። የምበላውን ጣዕም አልለይም፣ የዘፋኞቹን ድምፅ አልሰማም፣ እዚያ ሄጄ ለአንተ ሸክም ከምሆን አባቴና እናቴ በተቀበሩበት አገሬ ልሙት ነው ያለው። ዳዊትም አልተቀየመውም። ሳመው፣ መረቀው፣ ወደ አገሩ ሸኘው።

እኛ ከዳዊት ይልቅ እንቀየማለን። አልጋ ገዝተን፣ ጋቢ ገዝተን፣ ወላጃችን ፊታቸው ካልፈካ ያመሰገኑን አይመስለንም።

የእኚህን እናት አገር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኑሮው ለስላሳ ነው ማለቴ አይደለም። መሬቱ የተጎሳቆለ ነው፤ የ1977ቱ ድርቅ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከተካተቱት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። በፕሮግራሙ ጉልበት ያለው በሕዝባዊ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ድጋፉን ሲያገኝ፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ ደግሞ ሥራ ሳይጠየቅ በቀጥታ ይሰጠዋል። እንግዲህ እህል የሚጎድልበት አገር ነው። ሰው ግን አይጎድልበትም። አሮጊቷ ጠዋት ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራለች፤ ከሰዓት ተጠርታ ትሄዳለች። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ገበያ አለ። የምትሸጠው እንኳ ባይኖራት ሰው ለማየት ገበያ ትወጣለች። ባሏ የሞተባት ቆብ ደፍታ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከመሰሎቿ ጋር ትውላለች። እኛ ወንጌላውያን በምንኩስናው ላይ የራሳችን አመለካከት አለን። ነገር ግን ያ ቆብ ለስንት አሮጊት እኩያ እንዳስገኘላት አስቤው አላውቅም ነበር።

በአማርኛችን «ቡና አጣጭ» የሚባል ነገር አለ። ያ ነው የጎደለባቸው።

ይህ የገጠር እናት ቅብጠት የሚመስለው ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና ይህም ዕድሜ እንደሚያሳጥር መግለጹን ልንገረው። እንግሊዞችማ እ.ኤ.አ. በ2018 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾመዋል። እኛ ሚኒስትር አያስፈልገን ይሆናል፤ ብቻ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተን ስንሄድ ማንን ትተን እንደምንሄድ እንወቅ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያናቸው የእኅቶች ኅብረት አንድ ቅዳሜ ወደ አረጋውያን ማዕከል ሳሙናና ልብስ ይዞ ለመሄድ ተነሣ። በአዲስ አበባ ጧሪና ቀባሪ ያጡ ወገኖችን የሚሰበስቡ ቤቶች አሉ። ከ1966ቱ አብዮት በፊት የገቡት የማዘር ትሬዛ እኅቶች አሉ፤ «የወደቁትን አንሱ» አለ። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሣው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ነው። በወላጆቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። ስሙን ስሰማ የሐዋርያት ሥራ 16 ትዝ ይለኛል፤ መጥተህ እርዳን ብሎ ጳውሎስን የለመነውን ሰው ማለቴ ነው። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውን የማዕከሉን መፈክር ያልሰማም የለም። እኅቶች የሄዱት የትኛው ዘንድ እንደሆነ ግን አልናገርም።

ሚስቲቱ እናቷን የወሰደቻቸው ቤት ብቻቸውን ላለመተው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበራትም። እናትየዋም ደረጃውን በብዙ ማቃሰት ነው የወረዱት፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ማዕከሉ ደርሰው እኅቶች ሲዘምሩ እናትየዋ ጥግ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው አንገታቸውን የተነቀሱ ሌላ አሮጊት በዱላ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መዝሙሩ ሳያልቅ ሹክሹክታ ተጀመረ።

«የወዴት ነሽ እቴ?»

«የታች ጋይንት።»

«አርብ ገበያ?»

«ውይ! አርብ ገበያን ታውቂዋለሽ?»

«ሽንብራ ተሸክሜ ስንቱን ዓርብ ወጥቼበታለሁ!»

ከዚያ በኋላ ለመዝሙሩ ጆሮ የሰጠው የለም። ስለ ገበያው፣ ስለ በሽሎ በረሃ ሙቀት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሲያወሩ ሰዓቱ ሄደ። የታች ጋይንቷ እናት በ1977 ዓ.ም. ከባላቸውና ከልጃቸው ጋር በሰፈራ ወደ መተከል ሄደው ነበር። ወባ ባላቸውንም ልጃቸውንም ቀማቸው። ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሰው ቤት ሠሩ፣ ቆሎ ሸጡ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ማዕከሉ ተቀበላቸው። ይህን ሁሉ የነገሩት «ሰው አለሽ?» ተብለው ስለተጠየቁ ነው። ከዚያ እሳቸውም በተራቸው «አንቺስ በሰባ ሰባት ስንት ቀበርሽ?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ» አሉ የስማዳዋ እናት። «ወንድ። ሦስት ዓመቱ ነበር።»

ሚስቲቱ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሻይ እየቀዳች ነበር። የተወለደችው ከድርቁ በኋላ ነው። ከእሷ በፊት ወንድም እንደነበራት፣ ስሙም ማን እንደነበር፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ያን ዕለት ሰማች።

ይህን ስትነግረኝ «እንዴት ለእኔ ሳትነግረኝ ለማታውቃት ሴት ትነግራለች?» ብላ ነበር የጀመረችው። እኔም ቆም ብዬ አሰብኩት። እናት ለልጇ የማትነግረው ነገር አለ። ልጅ እንዳታዝን ትደብቃለች፤ ልጅም አይገባትም። በዚያ ዓመት ልጅ የቀበረች ሌላ ሴት ግን ማስረዳት አያስፈልጋትም። ድንግል ማርያም የመልአኩን ቃል በሰማች ጊዜ የሄደችው ወደ ማን እንደሆነ አስቡ። ሉቃስ 1 ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ በፍጥነት እንደሄደችና ሦስት ወር ያህል እንደተቀመጠች ይነግረናል። በዕድሜ እኩያሞች አልነበሩም፤ ግን ሁለቱም ያልተጠበቀ ልጅ በማኅፀናቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እናትየዋ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ጀመሩ። «ቅዳሜ መች ነው?» ሰኞም፣ ማክሰኞም። የእኅቶች ኅብረት በወር አንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፤ ሚስቲቱ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዋን ወሰደቻቸው። ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸውን አላነሡም። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከቀጠለ በኋላ አንድ ማታ እራት ላይ «ልጆቼ፣ ለምን እዚያው አታስገቡኝም?» አሉ።

ወገኖቼ፣ ያን ምሽት በቤቱ የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰው ምን ይለናል? ልጅ እያላቸው!» ሚስቲቱ መኝታ ቤት ገብታ «እኔ ምን በደልኳት?» እያለች አለቀሰች። እናትየዋም ክፉ የተናገሩ መስሏቸው ደነገጡና ሦስት ቀን ስለ ቅዳሜ ሳይጠይቁ ቀሩ።

የባልየው ስሜት ከንቱ ነው አልልም። ቃሉ ግልጽ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ላይ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት ይመልሱ ዘንድ በቤታቸው እንዲማሩ፣ ቤተ ክርስቲያንም ረዳት ለሌላቸው መበለቶች እንድትተርፍ ያዝዛል። ጌታችንም በማርቆስ 7 ላይ «ቁርባን ነው» እያሉ የወላጆቻቸውን ድርሻ የከለከሉትን ሰዎች ገሥጿቸዋል። የአገራችንም ሕግ ያንኑ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የተቸገረ ወላጅን የመጦር ግዴታ በልጅ ላይ ይጥላሉ። እናቱን ጥሎ የሚጠፋ ሰው በእግዚአብሔርም በዳኛም ፊት ተጠያቂ ነው።

እኚህን እናት ግን ማን ጣላቸው? ዳኛ ለእናት ቀለብ ይቆርጣል፤ ቡና አጣጭ ግን አይቆርጥም። «አስገቡኝ» ያሉትም ቀለብ ጎድሎባቸው አይደለም። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ ሲሰጣት ልጅነቱን መካዱ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ለእናቱ ሁሉን ነገር መሆን አይችልም፤ ልጅ ልጅ ነው እንጂ እኩያ አይሆንም። ሚስቲቱን ለብዙ ወራት ያደከማት እኩያ ለመሆን መሞከሯ ነው። ከሥራ ደክማ ገብታ ሁለተኛ ቡና ታፈላና ዓይኗ እየተከደነ ታጣጣለች። እናቷም እንደደከማት እያዩ «ተይው ልጄ፣ ተኚ» ይላሉ። ሁለቱም ለሌላዋ ሲሉ የሚጠጡት ቡና።

ማዕከሉን ጠየቁ። ኃላፊዋ በትሕትና «የሚጦር ልጅ ያላቸውን አንቀበልም፤ አልጋው መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። ከፍሎ ወላጅን የማስቀመጥ ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ገና አልተለመደም፤ ይህ ቤተሰብም አቅሙ የለውም። «ግን ለምን እየመጡ አይውሉም?» አሉ ኃላፊዋ። «ወጥ ቤታችን እጅ ያንሰዋል።»

እንዲህ ሆኖ ማክሰኞና ቅዳሜ ተቆረጠ። ማክሰኞ ባልየው ወደ ሥራ ሲሄድ ያደርሳቸዋል፤ ማታ ሚስቲቱ ትመልሳቸዋለች።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም፤ በዚህ መጽሔት ላይ ብደብቀውም ደስ አይለኝም። ሚስቲቱን ከሁሉ ይልቅ የከነከናት የእምነቱ ጉዳይ ነበር። እናቷ ቤቷ ሲገቡ «ጌታ እናቴን ወደ ወንጌል አመጣልኝ» ብላ ነበር። አሁን ሁለቱ እናቶች ፍልሰታን አብረው ይጾማሉ፣ ተያይዘው ቅዳሴ ይሄዳሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት የጸለይኩት ለዚህ ነው?» አለችኝ።

መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ ያልኳት ይህ ነው። በቤታችሁ የጸሎት ኅብረት ሲደረግ እኛ ሁላችን መጥተናል፤ እኔም ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ስንቶቻችን «እማማ፣ ጌታን ይቀበሉ» አልናቸው? ሁላችንም። ስንቶቻችን «በሰባ ሰባት ስንት ቀበሩ?» አልናቸው? ማንም። ያቺ እናት ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሻይ ሳይቀዳ ጠየቀቻቸው። ጸሎትሽን አታቋርጪ፤ እኔም ከአንቺ ጋር እጸልያለሁ። ነገር ግን እናትሽን ከወዳጃቸው ለይተን የምናደርሳቸው ወንጌል የለንም።

በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ የማከብረው ሽማግሌ «ይህማ መላላት ነው» ብለውኛል። እኔ ግን ወደ ራሳችን ቤት አያለሁ። የወጣቶች አገልግሎት አለን፣ የባልና ሚስት ሴሚናር አለን፣ የሕፃናት አገልግሎት አለን። ለሰባ ዓመት አዛውንት ምን አለን? ድምፅ ማጉያው ጆሯቸውን ያደነቁራል፣ ወንበሩ መደገፊያ የለውም፣ የአዳር ጸሎቱ አቅማቸው አይደለም። በሉቃስ 2 ላይ ነቢይቱ ሐና ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት መበለት ሆና ከመቅደስ አትለይም ነበር። ዛሬ ከእኛ አዳራሽ ብትገባ ከጎኗ የሚቀመጥ እኩያ ታገኝ ይሆን? ምእመናኖቻችን ከክፍለ ሀገር ያመጧቸው ወላጆች በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነው ተቀምጠዋል። በአንድ አጥቢያ ብቻ እንኳ ስንት እንደሆኑ የቆጠረ የለም። ለአንድ ቀን ሰብስቦ ቡና ለማፍላት የሚያስፈልገው ከሰል፣ ጀበናና የሚያደርስ መኪና ነው።

ባልየውን ባለፈው ወር አገኘሁት። ሰው ምን አለ? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «አማትህን መጦሪያ አስገባሃቸው አሉ» ብሎት ነበር። «አይ፣ ሥራ ነው የያዙት» አለው። ውሸት አይደለም። በማዕከሉ ወጥ ቤት የሚመጣው ምስር በጆንያ ነው፤ ጠጠርም ገለባም አለው። ሁለቱ እናቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ይዘው ይለቅማሉ፤ የታች ጋይንቷ ዓይናቸው ስለደከመ ጠጠሩን የሚያገኙት የስማዳዋ ናቸው። የእሳቸውም ሞራ በማኅበሩ ርዳታ እንዲገፈፍ ባልየው ቀጠሮ አስይዟል።

ወንድ ልጃቸው ከስማዳ ሰው አግኝቶ በሶ ልኮላቸው ነበር። ሁለት ቦታ ከፍለው አሰሩት። ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ልጃቸው «እማዬ፣ ዛሬ ቢቀርስ?» ብትላቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትልቁን ቋጠሮ ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።